የኩልፎ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም

ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ በየቤታችን የሚፈጸም ሥራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አባት ጣራውን ይመለከታል፤ ያፈሰሰ እንደ ሆነም ያስጠግናል። እናት ማገዶውን ከዝናብ ታስገባለች፤ በርበሬውን ፀሐይ ሳለ አድርቃ ታስፈጫለች። ልጆችም በግቢው ዙሪያ ያለውን ቦይ ይጠርጋሉ። ይህን ሁሉ የምናደርገው አዋጅ ወጥቶ ስላስገደደን አይደለም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር ከወላጆቻችን ጋር በአንድ ጣራ ሥር ኖረን ስለ ወረስነው ነው እንጂ። ነገር ግን በዚህ በቆየ የቤት ሥርዓት ውስጥ ገና የሚገባውን ቦታ ያላገኘ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በደጃችን የቆመው አውቶሞቢል ነው።

ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። አውቶሞቢል በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ከገባ እነሆ ከመቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው፤ ጣራን መክደንና ቦይን መጥረግ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዝናብ ሲመጣ ለቤታችን እንጠነቀቃለን፤ ሚስታችንንና ልጆቻችንን አሳፍረን በዝናብ ውስጥ የምንነዳውን መኪና ግን የምናስታውሰው ሲበላሽ ብቻ ነው። እኔስ ከእነዚህ አንዱ አልነበርሁም፤ ለመኪናዬ አስብ ነበር። የእኔ በደል ሌላ ነው። እርሱንም እንደ ሆነው አድርጌ ብናገር አንድ ቤተ ሰብ ይጠቀምበት ይሆናል በማለት ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በአስተማሪነት ሥራ ወደ አርባ ምንጭ የተዛወርሁት በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የኖርሁት በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በዚያ ሳለሁ ግንቦት ሊያልቅ ሲል አሮጊቷን ቶዮታዬን ወደ ጋራዥ ወስጄ ፍሬኗን፣ ጎማዋን፣ መብራቷንና የዝናብ መጥረጊያዋን ማሳየት ልማዴ ነበር። ክረምቱ በሰኔ ሲገባ መኪናዬ ተሰናድታ ትጠብቀዋለች። በዚህም ጥንቁቅ ሰው ነኝ እያልሁ በልቤ እመካ ነበር። ወደ አርባ ምንጭ ስመጣ የቤቴን ዕቃ ሁሉ ጭኜ መጣሁ፤ ያን ልማዴንም ከዕቃው ጋር ሳላራግፍ ይዤው መጣሁ።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በምሥራቋ በኩል የአባያና የጫሞ ሐይቆች ተንጣለዋል፤ በምዕራቧ በኩል የጋሞ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ኩልፎ የሚባለው ወንዝ ከእነዚህ ተራሮች ወርዶ፣ የከተማይቱን ዳር ይዞ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደን ውስጥ አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በጥር ወር ያየው ሰው እጅግ ትሑት ወንዝ ነው ይለዋል፤ ውሃው ጎደል ብሎ ድንጋዩ ይታያልና።

በተራራው ላይ ደግሞ ጨንቻ አለች፤ ከአርባ ምንጭ በፊት የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች፣ ጉም የማይለያት የደጋ ከተማ ናት። ከአርባ ምንጭ ያላት ርቀት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከፍታዋ ግን 2,700 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣ መኪና በዚያች አጭር መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ሚያዝያ 23 ቀን 2003 ዓ.ም. የዳግም ትንሣኤ እሑድ ነበር። ባለቤቴን ክርስትና ያነሷት እናት በእርጅናቸው ዘመን ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጨንቻ ተመልሰው ይኖሩ ስለ ነበር፣ ሦስቱን ልጆቻችንን ይዘን «እንኳን አደረስዎ» ለማለት ወጣን። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የፍሬኑ ፔዳል ከእግሬ ሥር እየለሰለሰ መምጣቱን አስተውዬ ነበር። ነገር ግን «ሰኔ ሲቀርብ ከሌላው ጋር አሳየዋለሁ» ብዬ ተውሁት። ባለቤቴም ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ ሳሉ «እዚህ አገር ትልቁ ዝናብ ከፋሲካ ጋር ነው የሚመጣው» እንዳሏት ነግራኝ ነበር። እኔ ግን «እርሱ በልግ ነው፤ ክረምቱ ገና ነው» ብዬ እንደ አዋቂ መለስሁላት። ደግሞም መኪናይቱ በታኅሣሥ ወር ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ አልፋ ቦሎዋን ለጥፋለች፤ በዚያች ወረቀት ላይ እምነቴን ጣልሁ። ወረቀቲቱ ግን የምትመሰክረው መኪናይቱ በተመረመረችበት ቀን እንዴት እንደ ነበረች ነው እንጂ፣ ከአራት ወር በኋላ እንዴት እንደምትሆን አይደለም።

በቤታቸው በደስታ ውለን ወደ 10 ሰዓት ገደማ ለመመለስ ስንነሣ ጉሙ ተራራውን ሸፈነው፤ ጥቂት እንደ ሄድንም ዝናቡ ወረደ። የዝናብ መጥረጊያውን ጎማ የቆላው ፀሐይ አድርቆት ኖሮ ውሃውን በመጥረግ ፈንታ በመስተዋቱ ላይ ያዳርሰው ጀመር። እኔም ፊት ለፊቴን በደንብ ማየት ስላልቻልሁ ፈራሁ፤ ስለ ፈራሁም እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሣ በሦስተኛ ማርሽ ረጅሙን ቁልቁለት ወረድሁ። መንገዱን ስናጋምስ የመቃጠል ሽታ ሸተተን። ቀጥሎ በመጣው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ብረግጠው ፔዳሉ ምንም ሳይገፋኝ እስከ ወለሉ ድረስ ገባ።

ይህን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። ትንሹ ልጃችን በኋላው ወንበር በእናቱ ጭን ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ በጎንና በጎኗ ተቀምጠው ይዘምሩ ነበር። በአንዱ ጎን ገደል፣ በሌላው ጎን የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ ነው። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ወደ አንደኛ አወረድሁት፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት ሳብሁት። የቀረውን ግስጋሴ ደግሞ የመኪናይቱን ጎን ከአፈሩ ጋር አስጠግቼ እያፋጨሁ አቆምኋት። አንዱ የፊት መብራት ተሰበረ፤ ከእኛ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ማንም አልተጎዳም። መዝሙሩ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ልጆቹን አንድ በአንድ ራሳቸውንና እጃቸውን ዳሰሰቻቸው። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ በቀስታ «ሰኔን ነበር የምትጠብቀው?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ አላስፈለገምም።

ብዙም ሳንቆይ ከበላያችን አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ደረሰና ቆመ። ሾፌሩ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ወርደው መዳፋቸውን ወደ ፊተኛው ጎማ አስጠጉና ሙቀቱን ለክተው፣

«ልጄ፤ ፍሬንህ ፈልቷል» አሉኝ።

«አባቴ፤ ፍሬን ደግሞ ይፈላል?» አልኋቸው።

«ጀበና የሚፈላው ለምንድን ነው? እሳት ስለሚበዛበት ነው። አንተም ከጨንቻ ጀምረህ በእግርህ እሳት ስታነድድበት መጣህ» አሉኝ።

ውሃ አምጥቼ ላፈስበት ስነሣ ከለከሉኝ። የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ የነካው እንደ ሆነ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላልና፣ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ መጠበቅ ይሻላል አሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ጥቂት ኃይል አገኘ። በዚያ ጊዜ ሽማግሌው ባለቤቴንና ልጆቹን ወደ ጋቢናቸው አስገቧቸውና ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ በአንደኛ ማርሽ ከኋላዬ ና። እኔ ከፊትህ ቀስ እያልሁ እሄዳለሁ። ፍሬንህ እምቢ ቢልህ አትደንግጥ፤ በእኔ መኪና ላይ ታርፋለህ።»

ያን መንገድ ብቻዬን በባዶ መኪና ስወርድ ያሰብሁትን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ልጆቼን ከእኔ እጅ ይልቅ በማላውቀው ሰው እጅ የታመኑ ሆነው አየኋቸው፤ ይህም ትክክል ነበር።

ወደ ከተማ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን መሽቶ ነበር። ሽማግሌው ከኩልፎ ድልድይ አጠገብ መኪናቸውን አቁመው ጠሩኝ። በመብራቱ ብርሃን ቁልቁል ብመለከት በጥር ያየሁት ያ ትሑት ወንዝ የለም። አፈር የመሰለ ቀይ ውሃ ግንድና ቅርንጫፍ ተሸክሞ እያገሣ ያልፋል። «ይህን አየህ?» አሉኝ፤ «ይህ ውሃ አንተ ከወረድህበት ተራራ ነው የመጣው። ያንተ ክረምት በአዲስ አበባ ቀርቷል፤ የኩልፎ ክረምት ይኸውልህ።» ለድካማቸው ገንዘብ ብሰጣቸው አልቀበልም ብለው «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ» ብለውን ሄዱ።

ውድ አንባብያን፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። የዝናቡ ነገር እንደሚከተለው ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋዎች ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በጋሞና በአካባቢው ግን ዝናብ አምጪው የአየር መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ወደ ደቡብ ሲመለስም አንድ ጊዜ በአገሩ ላይ ስለሚያልፍ፣ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል። የመጀመሪያውና ትልቁ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ከመስከረም አንሥቶ በጥቅምት ይበረታል። እንግዲህ በግንቦት መጨረሻ መኪናውን ወደ ጋራዥ የሚወስድ የአርባ ምንጭ ሰው ሠርግ ካለፈ በኋላ ድንኳን የሚተክል ሰውን ይመስላል።

የፍሬኑ ነገር ደግሞ ይህ ነው። እግራችን ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት የሚባለው ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ከአየር ውስጥ እርጥበትን የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የመፍያው ልክ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 የሚባለውም እንዲሁ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፈዋል። ፈሳሹ የፈላ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃልና ግፊቱ ከጎማው ሳይደርስ ይቀራል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ የገባው በዚህ ምክንያት ነበር።

መካኒኩ በማግሥቱ ከመኪናዬ የቀዳው የፍሬን ዘይት እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። በየዓመቱ መጠኑን አስለክቼ አውቃለሁ፤ ዕድሜውን ግን ጠይቄ አላውቅም። ለብዙ መኪናዎች በየሁለት ዓመቱ መለወጥ እንዳለበት የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በደሌ ሁለት ነበር፤ አንደኛው ወቅቱን አለማወቄ፣ ሁለተኛው ማየትን እንደ መመርመር መቁጠሬ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በቤታችን ሥርዓት አበጀን። ቀኑን እንዳንረሳ ከምናውቃቸው በዓላት ጋር አያያዝነው። የመጀመሪያው ምርመራ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት በዓል በሚውልበት ሳምንት ነው። ይህ በዓል ከየካቲት 28 እስከ ሚያዝያ 2 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላልና ከትልቁ ዝናብ ይቀድማል፤ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ግን በመጋቢት አጋማሽ እንፈጽመዋለን። ልጆቹም «በደብረ ዘይት ዘይት ይታያል» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ቀልዱ ግን ከማስታወሻ ደብተር ይልቅ ጠቀመን። ሁለተኛው ምርመራ በጳጉሜን ነው፤ ይኸውም ለጥቅምቱ ዝናብ ነው።

የምናየውም እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ማለዳ፣ መኪናይቱ ሳትነዳና ጎማዋ ሳይሞቅ፣ የጎማው ነፋስ ይለካል፤ ልኩ በብዙ መኪናዎች በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተጽፏል። ቀጥሎ የጎማው ጥርስ ይታያል። በብዙ አገሮች ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዝናብ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን ከሥሩ ሊያስወጣው ስለማይችል በላዩ ይንሳፈፋልና። በጎማው ጎን አራት አሐዞች ተጽፈው ይገኛሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ። በቆላ አገር ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው በፀሐይ አርጅቶ ሊሰነጣጠቅ ስለሚችል ይህን ማንበብ ይገባል።

ከዚያም የዝናብ መጥረጊያው ጎማ በጣት ይዳሰሳል፤ የደረቀና የተቆራረሰ ከሆነ ዝናቡን ሳይጠብቁ መለወጥ ነው። ዋጋው ከሁሉ የሚያንስ ዕቃ ቢሆንም፣ በእኔ ላይ የመከራው መጀመሪያ እርሱ ነበር። መብራቶቹን አንዱ ልጅ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ያያቸዋል፤ አባት ፍሬን ሲረግጥም የኋላው ቀይ መብራት መብራቱን ይናገራል። በጨንቻ ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት ብርሃኑን ወደ ራስ ዐይን ይመልሰዋል፤ አጭሩ መብራት ይሻላል።

ኮፈኑ ተከፍቶ የሞተሩ ዘይት ሜዳ ላይ በቆመች መኪና ይለካል፤ ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና ሳይነዱ ለመካኒክ ማሳየት ነው። የበጋው አቧራ የአየር ማጣሪያውን ስለሚደፍነው እርሱም ይጸዳል ወይም ይለወጣል። ቺንጋው እንዳልተሰነጠቀ ይታያል። ለራዲያተር ንጹሕ ውሃ ብቻ መጨመር ለእኛ አገር አቀበት አይበቃም፤ በጨንቻ ከፍታ ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። ስለዚህ ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ በልኩ መኖሩን፣ ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳንም ጎማው ያልተበላ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሳይበርድ ግን ያን ክዳን ማንም እንዳይከፍተው ልጆች በብርቱ ሊነገራቸው ይገባል። የቆላ ሙቀት ባትሪንም ቶሎ ያስረጃል፤ በጫፎቹ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይጠረጋል።

በመጨረሻም ትርፍ ጎማው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው በቦታቸው እንዳሉ፣ የደኅንነት ቀበቶዎቹም በሁሉም መቀመጫ እንደሚይዙ ይታያል። ይህ ሁሉ ለአንድ ቤተ ሰብ ከግማሽ ቀን የሚያልፍ ሥራ አይደለም። የፍሬኑን ሸራ መመርመርና የፍሬኑን ዘይት መለወጥ ግን የመካኒክ ሥራ ነው፤ ለእርሱም «ደኅና ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «መቼ ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሆኖም መኪና ተመረመረ ማለት ለሾፌሩ የድፍረት ፈቃድ ተሰጠው ማለት አይደለም። ቁልቁለት ሲጀመር አስቀድሞ ማርሽን ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ አንደኛ ማውረድና ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በዜሮ ማርሽ መልቀቅ በራስ ላይ ገደል መቆፈር ነው። ደራሽ ውሃ መንገድ ያቋረጠ እንደ ሆነም በጉልበት አልፋለሁ ማለት አይገባም። የሚወርድ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ትልልቆቹንም ይወስዳል። ኩልፎ በመጣበት ኃይል ብዙ ጊዜ ይጎድላልና፣ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ከብዙ ለቅሶ ያድናል።

በጨንቻ መንገድ ላይ ያሉትን የዶርዜ የቀርከሃ ቤቶች ያየ ሰው አንድ ትምህርት ያገኛል። ቤቱ ሲሠራ እጅግ ረጅም ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ባለቤቶቹ የተበላውን እየቆረጡ ያስተካክሉታል፤ ስለዚህ ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። ቤቱን ያቆየው ቀርከሃው ምስጥ የማይበላው ሆኖ አይደለም፤ ባለቤቱ ወደ ሥሩ እያጎነበሰ ስለሚያይ ነው። መኪናም ከዚህ የተለየ ነገር አይፈልግም።

ዛሬ ይህ ነገር ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገናል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን እንሻለን። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና የገዛም ቢሆን ምርመራው ቀረልኝ አይበል፤ ጎማው፣ የዝናብ መጥረጊያውና የፍሬን ዘይቱ እንደ ሌላው ናቸውና። እንዲያውም ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከተራራ የወረደ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ተስፋው ሁሉ በተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ነገሬን በአንድ የቤት ወሬ ልፈጽም። በዚያ ቀን የ10 ዓመት ልጅ የነበረችው ትልቋ ልጃችን ዛሬ ተምራ በባሕር ዳር ሥራ ይዛለች፤ መኪናም ትነዳለች። በቅርብ ጊዜ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ስልክ ደወለችልኝና፣ «አባዬ፤ ደብረ ዘይት ነውና መኪናዬን ላስመረምር ነው» አለችኝ። ያን ቀን ባለመርሳቷ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ደነገጥሁ። እኔ ሰኔን ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ እንደ ወሰድሁት፣ እርሷም ደብረ ዘይትን ከአርባ ምንጭ ወደ ባሕር ዳር ወስዳው ኖሯል። ቀኑን አስተምሬያታለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላስተማርኋትም።

«ልጄ፤ ማስመርመርሽ መልካም ነው» አልኋት፤ «ነገር ግን በባሕር ዳር ትልቁ ዝናብ መቼ ነው የሚጀምረው?»

ጥቂት ዝም ብላ «በሰኔ» አለችኝ።

«እንግዲያስ ግንቦት ሲጋመስ ደግመሽ እዪው። እኛ ደብረ ዘይትን የያዝነው ስለ ኩልፎ ነው። አንቺ ደግሞ ያለሽበትን አገር ሰዎች፣ ቡና ላይ የሚነጋገሩትን ሳይቀር፣ ጠይቂ» አልኋት።

እናቷ በአጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ምንም አልተናገረችም፤ ፈገግ ብላ ግን ተመለከተችኝ።